ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቤሩት፦ የውጭ አገር ጥሪና መልእክት ወጪን በኢንተርኔት መቀነስ

በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል ውጭ አገር ልጅ፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ የሌለውን ማግኘት ይቸግራል። አንዷ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፣ አንዱ ሪያድ ነው፣ ሌላው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳል። እነዚህን ሰዎች በተራው የስልክ መስመር፣ 00 ብሎ የአገሩን መለያ በማስከተል፣ ማግኘት ዛሬም ይቻላል፤ ነገር ግን የተሞላው ካርድ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቀን ሳንጨርስ ያልቃል። አብዛኛው ሰው ወደ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ኢሞና ቫይበር የዞረውም ለዚህ ነው። ሆኖም ወደ ኢንተርኔት መዞር ብቻውን ወጪ አይቀንስም። ጥቅሉ የት እንደገባ ሳያውቅ በየሁለት ቀኑ አዲስ የሚገዛ ሰው፣ በወሩ መጨረሻ ሲደመር፣ በካርድ ሲደውል ከነበረው ያልተናነሰ ሊያወጣ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የኢንተርኔት ጥሪ ሁለት ዓይነት መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ የሚደረገው ነው። ደዋዩም ተቀባዩም አንድ ዓይነት መተግበሪያ በስልካቸው ስላለ ድምፁ መንገዱን ሁሉ በኢንተርኔት ይጓዛል፤ ሁለቱም የሚከፍሉት የተጠቀሙበትን ዳታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከመተግበሪያ ተነሥቶ ወደ ተራ ስልክ ቁጥር የሚገባው ሲሆን፣ ቫይበር አውት፣ ሪብቴልና ቦስ ሬቮሉሽን የሚሰጡት እንዲህ ያለውን አገልግሎት ነው። በዚህኛው ጥሪው መጨረሻ ላይ ከኢንተርኔት ወጥቶ ወደ ተቀባዩ አገር የስልክ መስመር ስለሚገባ፣ የዚያ አገር ቴሌኮም ጥሪውን ለማድረስ የሚጠይቀው ክፍያ በደዋዩ ሂሳብ ላይ ይታሰባል። አሜሪካ ያለው ወንድም ለብዙ አገሮች በርካሽ እየደወለ ወደ ኢትዮጵያ ሲደውል ግን ሂሳቡ ቶሎ የሚያልቅበት ምክንያት ይኸው የማድረሻ ክፍያ ነው። ስለዚህ የቁጠባው ዋና መንገድ የትኛው መተግበሪያ ይሻላል ብሎ መከራከር ሳይሆን፣ ጥሪው በተቻለ መጠን ከኢንተርኔት ሳይወጣ እንዲያልቅ ማድረግ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የዳታ ሂሳብ ነው። አንድ የድምፅ ጥሪ እንደ መተግበሪያውና እንደ ኔትወርኩ ሁኔታ በደቂቃ በግምት ከግማሽ እስከ አንድ ሜጋባይት ይወስዳል። በዚህ ስሌት 100 ሜጋባይት ያለው ጥቅል ለሌላ ነገር ካልዋለ ከ100 እስከ 200 ደቂቃ ያነጋግራል። ቪዲዮ ሲከፈት ግን ሂሳቡ ይለወጣል፤ ምስሉ እንደ ጥራቱ በደቂቃ አምስት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሜጋባይት ሊበላ ስለሚችል ያው 100 ሜጋባይት በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የልጅ ልጅን ፊት ማየት ለማንም የሚከለከል ነገር አይደለም፤ እኔ የምመክረው በቪዲዮ ሰላም ተባብሎ፣ ሕፃኑን አይቶ፣ ከዚያ ካሜራውን ዘግቶ ቁም ነገሩን በድምፅ መቀጠል ነው። ጥሪውን ማቋረጥ ሳያስፈልግ የካሜራውን ምልክት አንዴ መንካት ይበቃል፤ ዳታው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሄድ ግን ማዶ ያለውም ካሜራውን መዝጋት አለበት።

ጥቅል ሲገዛ የጥቅሉን ዋጋ በሜጋባይቱ ብዛት አካፍሎ የአንዱን ሜጋባይት ዋጋ ማወቅ ተገቢ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ*999# እና በቴሌብር በኩል የሚያቀርባቸውን የቀን፣ የሳምንትና የወር ጥቅሎች፣ እንዲሁም ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዲስ አበባ አገልግሎት የሚሰጠው ሳፋሪኮም የሚያቀርባቸውን በዚህ መንገድ ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላል። ብዙ ጊዜ የወሩ ጥቅል በሜጋባይት ሲሰላ ከቀኑ ይረክሳል፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚደውል ሰው የዚያን ዕለት የቀን ጥቅል መግዛት ሊያዋጣ ይችላል። ለአንድ መተግበሪያ ብቻ የሚያገለግል ጥቅል ሲገኝ ደግሞ የጽሑፍ መልእክቱን ብቻ ነው ወይስ ጥሪውንም ይሸፍናል ብሎ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። ሌላም አለ፤ ጥቅሉ አልቆ ዳታው እንደበራ ከቆየ፣ የቀረው የካርድ ሂሳብ በጥቅል ሳይሆን በመደበኛው ታሪፍ እየተቆረጠ ሊያልቅ ይችላል።

የጥቅሉ ትልቁ ሌባ ግን ብዙውን ጊዜ ጥሪው አይደለም። ከኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ በር ላይ አንዲት እናት ስልካቸውን ለባለሱቁ ልጅ አቀብለው «ትናንት ማታ ያስገባህልኝ ጥቅል ልጄን ሳላናግር አለቀ፤ ሌባ ነው ይኼ ስልክ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጁ «እማማ፣ ስልኩ አልሰረቀዎትም፤ ይኸው ይዩት» ብሎ የዳታ አጠቃቀሙን ገጽ ከፍቶ አሳያቸው፤ ከላይ የተቀመጠው ቴሌግራም ነበር። ሰው በየጊዜው ያስገባቸው ቻናሎችና ግሩፖች የሚለቋቸው ቪዲዮዎች እሳቸው ተኝተው ሳሉ በራሳቸው ሲወርዱ አድረዋል። መፍትሔው የደቂቃ ሥራ ነው። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለው ውስጥ ተገብቶ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ይዘጋል፤ በዋትስአፕም «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ውስጥ ተመሳሳይ ቦታ አለ። በሁለቱም መተግበሪያዎች በዚያው ገጽ «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚል ምርጫ ይገኛል፤ እሱን ማብራት ጥሪው አነስ ባለ ዳታ እንዲሄድ ያደርጋል፣ የድምፁም ጥራት ለቤተሰብ ወሬ የሚያንስ አይሆንም። ፕሌይ ስቶርም መተግበሪያዎችን በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ ማዘዝ አይዘንጋ።

ከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ደግሞ መሀል ከተማ ያለው ሰው ብዙም የማያውቀው ችግር አለብን። ኔትወርኩ በአንዱ ክፍል አራት መስመር ያሳይና በሌላው ክፍል ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋም የአንቴናው መጠባበቂያ ባትሪ የሚቆይበት ጊዜ ውስን ስለሆነ ትንሽ ቆይቶ ኢንተርኔቱ አብሮ ይደክማል። ደካማ ኔትወርክ ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ያስወጣል፤ ጥሪው እየተቆራረጠ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» በሚባልበት ጊዜ ሁሉ ዳታው እየሄደ ነው። ስለዚህ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ሆኖ መደወል፣ ስልኩን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ መጠበቅ፣ 4ጂው የሚዋልል ከሆነም ስልኩን በሴቲንግ ወደ 3ጂ አውርዶ መሞከር ይጠቅማል። የድምፅ ጥሪ የሚፈልገው ፍጥነት አነስተኛ ስለሆነ፣ ከሚመላለስ 4ጂ ይልቅ የረጋ 3ጂ ይሻለዋል። ቤት ውስጥ መደበኛ ኢንተርኔት ያስገባ ጎረቤት ካለና ወርኃዊውን ክፍያ ተካፍሎ በዋይፋይ መጠቀም ከተቻለ፣ ስለ ሜጋባይት መጨነቁ ራሱ ይቀራል።

ሰዓትም የቁጠባው አካል ነው፤ ምክንያቱም ለሌሊት የሚሸጡ ጥቅሎች ከቀኑ ይረክሳሉ። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ለውጡ የሚሆነው በእኛ በጥቅምት መጨረሻ እና በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ባሉት እሑዶች ነው። እዚህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን እዚያ እንደ ወቅቱ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ይሆናልና፣ የእኛ የሌሊት ጥቅል ከእነሱ የቀን ሰዓት ጋር ይገጥማል። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ስለሆነች፣ ዱባይም በአንድ ሰዓት ብቻ ስለምትቀድም ለእነሱ ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራም። ቀጠሮ ሲያዝ «በሦስት ሰዓት» ማለት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ደግ ነው፤ ውጭ ብዙ የቆየ ልጅ ሦስት ሰዓትን እንደ ፈረንጅ መቁጠር ለምዶ ሊሆን ይችላል።

ወደ መልእክት ስንመጣ፣ በተራው መስመር የሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ይይዛል። በላቲን በተጻፈ መልእክት መካከል አንድ ኢሞጂ ማስገባትም መልእክቱን ወደ 70 ያወርደዋል። ከዚያ ያለፈው ተቆርጦ እንደ ሁለተኛ መልእክት ይታሰባል፤ የውጭ አገር ሲሆን ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሚከፈለው ሌላ ነው። የአማርኛ ፊደል አንዱ ብቻውን የላቲኑን ሁለት ስለሚተካ ጉዳቱ ቁጥሩ እንደሚያሳየው የከፋ ባይሆንም፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የተላከ ጽሑፍ ዳታው ከቁጥር የማይገባ ነውና በተራው መስመር ወደ ውጭ መላክ የሚያስፈልገው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከጽሑፍ ይልቅ ለቤተሰብ የሚመቸው የድምፅ መልእክት ነው። ተቀድቶ የሚሄደው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ስለሆነ ከጥሪ ያነሰ ዳታ ይወስዳል፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይቀመጥና መስመር ሲመለስ በራሱ ይሄዳል። ማንበብ የማይችሉ እናትም ይሰሙታል፤ ደግመው ሊሰሙትም ይችላሉ።

ዓረብ አገር ላሉ ዘመዶች አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ የተዘጋ ሲሆን ጽሑፉና የድምፅ መልእክቱ ግን ይሠራል፤ ለጥሪ እዚያ የተፈቀዱት እንደ ቦቲም ያሉ መተግበሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ዱባይ ያለች እህት በዋትስአፕ ስትደወልላት ካላነሳች ተቆጥታ ነው ከማለት በፊት ቦቲምን ማውረድ ይቀድማል። ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጋውን አገልግሎት በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚከፍት መተግበሪያ፣ ተጠቀሚ ብሎ መምከር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል፤ የዚያ አገር ሕግ ሊያስጠይቃት ይችላል። በጠቅላላው በሁለቱም ወገን ቢያንስ ሁለት መተግበሪያ መኖሩ ጥሩ ነው። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራምና ፌስቡክ ለወራት ተገድበው እንደነበር አይረሳም።

አያት ወይም አጎት ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ብቻ ካላቸው፣ ከውጭ ያለው ሰው እንደ ሪብቴል ባለው አገልግሎት ቢደውልላቸው ይሻላል፤ እዚህ የሚቀበለው ሰው ምንም አይከፍልም። ደዋዩ ግን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ማጣራት አለበት፦ የደቂቃው ዋጋ ወደ ሞባይል ስንት እንደሆነ፣ ጥሪው በተነሣ ቁጥር የሚታሰብ የመነሻ ክፍያ መኖር አለመኖሩን፣ የተሞላው ሂሳብም በስንት ጊዜ እንደሚቃጠል። ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ መሙላትም አልመክርም። ስንቱ ሰው የለመደው ስካይፕ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሲያገለግል ቆይቶ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከዚህ ሁሉ የሚረክሰው ግን በቤተሰቡ ውስጥ ስማርት ስልክ ያለው የልጅ ልጅ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአያቱ ይዞላቸው መሄዱ ነው።

ከውጭ የተደወለ ጥሪ 09 በሚል የአገር ውስጥ ቁጥር ከመጣ፣ ጥሪው በሲም ቦክስ በኩል ተጠልፎ የገባ ሊሆን ይችላል። ይህ ሕጋዊውን መግቢያ አልፎ የውጭ ጥሪን በአገር ውስጥ ሲም የማስገባት ንግድ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የሚያስቀጣ ነው። ደዋዩ የገዛው ርካሽ ካርድ በዚያ በኩል መሄዱን ላያውቅ ይችላል። እኛን የሚመለከተው ግን ሲማችንን ነው፤ «በስምህ አሥር ሲም አውጣልኝ፣ ገንዘብ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ መልሱ እምቢ ነው፤ ሲሙ በተያዘ ጊዜ የሚፈለገው ባለስሙ ነውና።

በመጨረሻም መተግበሪያው በስልክ ቁጥር ስለሚከፈት፣ በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም መስጠት አይገባም። «ልጅሽ ነኝ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነው፣ በስሕተት ወደ አንቺ የተላከውን ስድስት ቁጥር ላኪልኝ» የሚለው መልእክት አካውንቱን ለመውሰድ የሚላክ ነው፤ የተወሰደው አካውንት ደግሞ በማግሥቱ ከዘመድ ሁሉ ገንዘብ መለመን ይጀምራል። በዋትስአፕም በቴሌግራምም ሁለተኛ የይለፍ ቁጥር የሚጨመርበት ቦታ አለ፤ ሴቲንግ ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለው ነው። ቁጥሩ ለራስ በማይረሳ ነገር ይመሠረት፣ የትውልድ ዓመት ግን አይሁን፤ ወረቀት ላይ ተጽፎም ከስልኩ ጋር ሳይሆን ቤት ይቀመጥ።