የፊት እግሯን ስታነሳ፦ የታራንቱላን ጠባይ ስለማወቅ

የቺሊ ሮዝ ታራንቱላዬ፣ ትልቋ ፀጉራም ሸረሪቴ፣ አብራኝ መኖር ከጀመረች 9 ዓመት ሆናት። ስትሰጠኝ «ገራም ናት፣ ምንም አትልም» ተብዬ ነው። እውነትም ገራም ናት። አንድ ማታ ግን የውሃ ሳህኗን ላነሳ እጄን ሳስገባ ጀርባዋን አዞረችብኝ። የኋላ እግሮቿን ሆዷ ላይ ቶሎ ቶሎ አሸች። ምንም አልመሰለኝም፤ ሳህኑን አንስቼ ዘጋሁት። በማግስቱ ክንዴ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ፣ ሳክም ሰነበትኩ።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው «ክፉ ናት» ይላል። ክፉ አይደለችም፣ ፈርታ ነው። ታራንቱላ ስምንት ዓይን አላት፤ የማየት አቅሟ ግን ደካማ ነው። ዓለምን የምታውቀው በእግሮቿ ላይ ባሉት ፀጉሮች ነው፤ የመሬቱ ንዝረትና የአየሩ እንቅስቃሴ በእነሱ በኩል ይደርሳታል። ድንገት የገባ እጅ ለእሷ ወይ የሚበላ ነገር ነው፣ ወይ ሊበላት የመጣ። እንደ ውሻ ጌታዋን አትለምድም። ይህን ከተቀበላችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ስለዚህ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት የት እንዳለች እዩ። ሳታዩዋት እጅ አታስገቡ። ከዚያ ረዥም እጀታ ባለው ለስላሳ የቀለም ብሩሽ የኋላ እግሯን ነካ አድርጉ። ቀስ ብላ ፈቀቅ ካለች ሥራችሁን ቀጥሉ። ዞር ብላ ብሩሹን ለመያዝ ከሞከረች ርቧት ሊሆን ይችላል፤ እጃችሁ ያለመሆኑ ጥሩ ነው። እኔ ሳህን የማነሳውም በረዥም ወረንጦ ነው።

ምልክቶቹን በደንብ ለዩ። መጀመሪያ ቀጥ ትላለች፣ ወይም እግሮቿን ወደ ላይ ሰብስባ ራሷን ትሸፍናለች። ይህ «ተዉኝ» ማለት ነው። ከዚያ ጀርባዋን ታዞራለች፤ ሆዷን ካሸች የሚያሳክክ ፀጉር እየረጨች ነው። ከዚያ የፊት እግሮቿን ወደ ላይ አንስታ፣ ደረቷን ገልጣ፣ የመርዝ ጥርሶቿን ታሳያለች። አንዳንዶቹ መሬቱን በእግራቸው ይመታሉ። እንደ ጎልያድ ታራንቱላ ያሉት ደግሞ ፀጉራቸውን እርስ በርስ አፋትገው የፉጨት ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ። እዚህ ከደረሰች በቃ፣ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ነገም ቀን ነው። መግፋት ከቀጠላችሁ የሚቀራት መንከስ ብቻ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ግን ለሁሉም አይሠራም። የሚያሳክክ ፀጉር ያላቸው የአሜሪካ አህጉራት ታራንቱላዎች ናቸው። የአፍሪካና የእስያዎቹ ይህ መከላከያ የላቸውም፤ ያላቸው ፍጥነትና ጠንካራ መርዝ ነው። ብርቱካናማዋ የአፍሪካ ባቡን ታራንቱላ ከማስፈራራት ወደ መንከስ ለመሄድ ጊዜ አትፈጅም። የሕንድና የስሪላንካ ዛፍ ላይ ኗሪዎች፣ ፖይሲሎቴሪያ የሚባሉት፣ ንክሻቸው ለቀናት የሚቆይ የጡንቻ ቁርጠት ያመጣል። ለጀማሪ አልመክርም፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ጠባይ ይለያያል፤ ቁጡ የሆነች ቺሊ ሮዝ አይቻለሁ።

ፀጉሩን ቀላል ነገር አታድርጉት። ቤቷን ስታጸዱ ጓንትና ረዥም እጅጌ ልበሱ፣ ፊታችሁን ከላይዋ አታስጠጉ፣ ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ። ቆዳ ላይ ካረፈ በማጣበቂያ ፕላስተር እየለጠፋችሁ አንሱት። ዓይን ውስጥ ከገባ በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ፤ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይሰነቀራል፣ በውሃ ብቻ አይወጣም።

ቤት መቀየር ካለባት በእጅ አትያዟት። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ኩባያ ድፉባት፣ ከሥሩ ጠንካራ ወረቀት አሾልኩ፣ አለቀ። ይህን መሬት ላይ ተቀምጣችሁ አድርጉት። መሬት ላይ የምትኖር ታራንቱላ ከወገብ ከፍታ ብትወድቅ እንኳ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል። እጅ ላይ አድርጎ ፎቶ መነሳት የሚያጓጓ ነገር መሆኑ ይገባኛል። ለእሷ ግን ምንም ጥቅም የለውም፤ አደጋው የእሷ ነው።

ወደዚያ ማታ ልመለስ። ሆዷ ላይ ፀጉር የረገፈበት መላጣ ቦታ ነበራት፤ ሮዝ የነበረው ጠቁሮ ነበር። ምግብም ካቆመች ቆይታለች። አይቼዋለሁ፣ ግን አላገናኘሁትም። ከ3 ሳምንት በኋላ በጀርባዋ ተንጋላ አገኘኋት። የሞተች መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። እሷ ግን ቆዳዋን እየቀየረች ነበር። ሲሞቱ አብዛኛውን ጊዜ እግራቸውን ከሥራቸው አጥፈው ነው እንጂ እንዲህ አይንጋለሉም። ሰዓታት ፈጀባት። ስትጨርስ የመርዝ ጥርሶቿ እንደ ወተት ነጭ ነበሩ፣ ገና ለስላሳ። በዚህ ጊዜ በሕይወት ያለ ፌንጣ ብታስገቡባት እሱ ነው የሚጎዳት። ጥርሷ ጠቁሮ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ።

አሁን መላጣው ሲጠቁር ሳይ የውሃ ሳህኗን ሞልቼ፣ የተረፈ ነፍሳት ካለ በወረንጦ አውጥቼ እዘጋለሁ። ውሃ ከመጨመር በቀር አልከፍትም።