ተማሪ «ፕሪቨንት ተላከ» ሲባል ምን ይሆናል? አሰራሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እዚህ እንግሊዝ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሀበሻ ስለ ፕሪቨንት (ሰው ወደ ሽብር እንዳይሳብ የሚሰራ የመንግስት ፕሮግራም ነው) የሚሰማው ወይ ከዜና ነው ወይ ደግሞ ለቅሶ ቤት ከሚወራ ወሬ ነው። ግማሹ «ልጆቻችንን እየሰለሉ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ንፁህ ከሆነ ምን ያስፈራዋል» ይላል፣ አሰራሩን ግን ሁለቱም አያውቁትም። ስለዚ ደረጃ በደረጃ ላስረዳችሁ፣ በተለይ የት ጋ ፈቃድ እንደሚጠየቅና የት ጋ እንደማይጠየቅ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚደናገረው እሱ ላይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው።

መነሻው በ2015 የወጣ የፀረ ሽብር ሕግ ነው። ትምህርት ቤቱን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ካውንስሉን (የአካባቢውን አስተዳደር)፣ ሆስፒታሉን፣ እስር ቤቱን ሁሉ «ሰው ወደ ሽብር እንዳይሳብ የመከላከል ኃላፊነት አለባችሁ» ይላቸዋል። ስኮትላንድና ዌልስም ይሰራል፣ ሰሜን አየርላንድ ግን የለም። ስጋቱ ከሕጉ በፊትም ነበር፣ በ2009 በፈረንጅ ገና ዕለት ወደ ዲትሮይት የሚበር አውሮፕላን ሊያፈነዳ የሞከረው ናይጄሪያዊ የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ያስጠናው ምርመራ እዛ እያለ አክራሪ ለመሆኑ ማስረጃ አላገኘም ግን ስሙ ተያይዞ ቀረ።

ደረጃ 1፦ ማስተዋል

የዩኒቨርሲቲ ሰራተኞች በስልጠና ሦስት ነገር ነው የሚነገራቸው፣ አስተውል፣ አጣራ፣ አሳውቅ። የሚታየው የባህሪ ለውጥ ነው፦ ከጓደኛ ድንገት መቆረጥ፣ ሌላውን ወገን እንደ ሰው አለመቁጠር፣ ግድያን ማድነቅ፣ ኦንላይን ላይ ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ሌሊቱን ሙሉ ማደር። መፀለይ፣ ሂጃብ መልበስ፣ ፂም ማሳደግ፣ መንግስትን መቃወም ምልክት አይደለም። ይሄን የምለው ስህተት ስለተሰራ ነው። በ2015 ስታፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሽብርተኝነት ጥናት ማስተርስ የሚማር ልጅ ላይብረሪ ቁጭ ብሎ የኮርሱን መፅሐፍ ሲያነብ በዩኒቨርሲቲው ሰራተኛ ተጠረጠረ፣ ጥያቄ ቀረበለት፣ ለሴኩሪቲም ተነገረ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ የሚማረውን በማንበቡ ነው! «አጣራ» የሚለው ሲዘለል እንደዚ ነው የሚሆነው።

ደረጃ 2፦ ማጣራት

ስጋቱ የሚሄደው ግቢው ውስጥ ሴፍጋርዲንግ (የተማሪን ደህንነት መጠበቅ) ወይም ፕሪቨንት የሚባለውን ስራ ለያዘው ሰው ነው። እሱ ሌሎቹን ይጠይቃል፣ ቱተሩን፣ የዶርሙን ኃላፊ። ልጁ ዘመድ ሞቶበት ነው? ዲፕሬሽን ነው? ብር አልቆበት ነው? ብዙው እዚሁ ያልቃል፣ ወደ ካውንስሊንግ ይላካል ወይ የሚያናግረው ሰው ይመደብለታል።

እኛ ወላጆች የምንናደደው እዚህ ጋ ነው። ልጁ 18 ከሞላው በሕግ አዋቂ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ለናንተ የመደወል ግዴታ የለበትም፣ ብትደውሉም ስለሱ ምንም አይነግሯችሁም፣ «የወለድኩት እኔ ነኝ እኮ» ብትሉም ያው ነው። ግን ይሄን ያዙልኝ፦ እነሱ መናገር ባይችሉም መስማት ይችላሉ። የምታውቁትን ነገር ደውላችሁ ንገሯቸው፣ ይመዘግቡታል።

ደረጃ 3፦ ሪፈራል (ጉዳዩን ማስተላለፍ)

ስጋቱ ካልጠፋ ፎርም ተሞልቶ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ለዚህ የልጁ ፈቃድ የግድ አይደለም፣ ጉዳት ከሌለው ለልጁ መንገሩ ይመረጣል እንጂ። ፖሊስ መጀመሪያ የሚያየው ልጁ ቀድሞውኑ በምርመራ ላይ ያለ ሰው መሆን አለመሆኑን ነው፣ ከዛ በእውነት የመከላከል ጉዳይ ነው ወይስ ሌላ ብሎ ይለያል። ሪፈራል ማለት ክስ አይደለም፣ የወንጀል ሪከርድም አይደለም። እስከ ማርች 2024 ባለው አንድ ዓመት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 6,922 ሪፈራል ነበር፣ ከሁሉም በላይ የላከው የትምህርቱ ዘርፍ ነው፣ ወደ መጨረሻው ድጋፍ (ደረጃ 4 ላይ ወዳለው ቻናል) የገቡት ግን 512 ብቻ ናቸው። የቀረው ወይ ተዘጋ ወይ ወደ ሌላ አገልግሎት ተላከ። (አሁኑኑ ሰው ሊጎዳ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ይሄ ሁሉ ደረጃ አይሰራም፣ የአደጋ ጊዜ ስልኩ 999 ላይ መደወል ነው።)

መዝጋቱም ራሱ አደጋ አለው። በጁላይ 2024 ሳውዝፖርት ላይ ሦስት ሕፃናትን የገደለው ልጅ ከ2019 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ሦስቴ ሪፈር ተደርጎ ነበር፣ ሦስቴም ተዘጋ፣ አንድ ግልፅ አይዲዮሎጂ አልታየበትም ተብሎ። በኋላ የተደረገው ግምገማ ያለጊዜው ነው የተዘጋው አለ። ስለዚ የስታፎርድሻየሩ ታሪክ በከንቱ መጠርጠር ነው፣ የሳውዝፖርቱ መታለፍ፣ ማንም «ሲስተሙ ልክ ነው» ወይ «ከንቱ ነው» ቢላችሁ ሁለቱን አንድ ላይ አስታውሱት።

ደረጃ 4፦ ቻናል

ቻናል የሚባለው ካውንስሉ የሚመራው ኮሚቴ ነው፣ ፖሊስ፣ ጤና፣ ሶሻል ወርከር፣ የትምህርት ሰው ይቀመጡበታል። ፈቃድ የሚጠየቀው እዚህ ነው። ከ18 በላይ ከሆነ ልጁ ራሱ፣ ከዛ በታች ከሆነ ወላጅ ይፈርማል። እምቢ ማለት ይቻላል፣ እምቢ ማለት ወንጀል አይደለም፣ ስጋቱ አለ ብለው ካመኑ ግን ፖሊስ በሌላ መንገድ ሊከታተለው ይችላል፣ እሱንም እወቁት። እሺ ካለ ሜንተር (መካሪ) ይመደብለታል፣ ሃይማኖቱን ወይ የገባበትን አስተሳሰብ የሚያውቅ ሰው፣ ከዛ በተጨማሪ የአእምሮ ጤና ሕክምና፣ ቤት፣ ስራ ላይ ያግዙታል። ካለቀም በኋላ በ6 ወርና በ12 ወር ተመልሰው ያዩታል።

ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ በትክክል ያሳሰባችሁ ምን ቃል ወይም ምን ድርጊት ነው? መረጃውን ማን ያየዋል? ስንት ጊዜ ይቀመጣል? እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይምጣ በሉ፣ ታናሽ እህቱን አታስተርጉሙ፣ እሷ ምን በወጣት።

እቤት ውስጥስ?

ስልኩን ቀምቶ መስበር አይሰራም፣ ሌላ ስልክ ይገዛል። ስልኩ ላይ መጥፎ ነገር ካያችሁ ደግሞ «ይሄ ምንድነው?» ብላችሁ ለዘመድ ዋትሳፕ ላይ እንዳትልኩት፣ ለሽብር የሚጠቅም ሰነድ መያዝ ብቻውን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው፣ ማሰራጨት ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው። ያያችሁትን በቃል አስረዱ።

ሌላም አለ፣ ደስ አይልም ግን ልበለው። እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን ዩቲዩብ ላይቭ ከፍተን አንዱን ብሄር ስንሰድብ፣ «እነዚን ነበር ማጥፋት» ስንል ልጁ ሶፋው ላይ ነበር። በኋላ ልጁ ያንኑ ቃል ክፍል ውስጥ ሲናገር «ከየት አመጣው?» ማለት አይገባንም።

ልጅ ላይ ስጋት ያለው ወላጅ አክት ኧርሊ የሚባለውን የፖሊስ የምክር መስመር ማናገር ይችላል፣ ወይ የካውንስሉን ሴፍጋርዲንግ ቡድን።

የመጨረሻው ነገር የመዝገቡ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ቢዘጋም የፖሊስ መዝገብ ላይ ይቀራል። በ2015 የ11 ዓመት ልጅ እያለ ሪፈር የተደረገ አንድ ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2020 መረጃውን ይዞ መቆየቱ የግል ሕይወት መብቱን ጥሷል ተብሎ ተፈርዶለታል። ስለዚ ልጁ ራሱ ለዩኒቨርሲቲውም ለፖሊስም ለየብቻ ኢሜይል ይፃፍ፣ «ስለኔ የያዛችሁትን መረጃ ኮፒ ስጡኝ» ይበል፣ ነፃ ነው፣ መልሱም በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት፣ ከዛ የተሳሳተውን አስተካክሉ ወይ አጥፉ ብሎ መጠየቅ ይችላል።