የአሮጌ ፋይበር ጀልባ ሕመሞች፦ ከምልክቱ እስከ ጥገናው

ጀልባዋን ስገዛ ነጭ ነበረች። የሚያብረቀርቅ ነጭ። ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመን ሻጩ "እያት እስኪ፣ ሙሽራ አይደለችም?" አለኝ። ሙሽራ መሰለችኝ፤ ከፈልኩ። በሁለተኛው ወር አፍንጫዋ ላይ ያለው ነጭ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላጠ። ከስሩ የመኪና ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ስፈነቅለው ደግሞ ሁለት ጣት የሚያስገባ እርጥብ ስብራት። ሙሽራዋ ለካ ተኳኩላ ነው የመጣችው።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሰውንም ጀልባ ጠግኛለሁ። አበላሽቼም አውቃለሁ። እዚህ የምጽፈው ስለ ፋይበር ግላስ ብቻ ነው። አሞራ ገደል የምታዩት የዓሣ አጥማጆች የእንጨት ጀልባ ሌላ ሙያ ነው፣ የራሱ ባለሙያ አለው።

መጀመሪያ ቆዳውን ከአጥንቱ እንለይ

ላይኛው ነጭ ነገር ጄልኮት ይባላል። ቀለም የገባበት ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሳይ ፈሳሽ) ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከስሩ ያለው ገላ የመስታወት ክር በፖሊስተር ሬዚን እየተነከረ የተደራረበበት ነው። ጀልባዋን የሚሸከማት ገላው ነው። ጄልኮቱ ውሃና ፀሐይ ይከላከላል፣ ያሳምራል፣ በቃ።

ስለዚህ ምንም ምልክት ስታዩ ጉዳቱ ቆዳው ላይ ቀርቷል ወይስ አጥንት ደርሷል ብላችሁ ጀምሩ። ለዚህ የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል። በሳንቲሙ ጠርዝ ጀልባዋን ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀው ወይም ውሃ የጠጣው ቦታ "ዱብ ዱብ" ይላል፣ የሞላ ጀሪካን እንደመምታት። ድምፁ የተቀየረበትን ድንበር በእስክሪብቶ ክበቡ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከውስጥ በኩል ድጋፍ ያለበት ቦታም ድምፁን ይቀይራል። ጥርጣሬ ከገባችሁ በሌላው ጎን ተመሳሳዩን ቦታ መትታችሁ አወዳድሩ።

"ስዳስሳት እጄ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል"

ፀሐይ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨረሩ አይምርም። የጄልኮቱን የላይኛውን ፊት አቃጥሎታል እንጂ ሌላ በሽታ የለም። በሳሙና እጠቡ። በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ ፈግፍጉ፤ በጣም ከባሰ ከ600 ወይም ከ800 ጀምሩ። ከዚያ ኮምፓውንድ (የሚያወለውለው ክሬም)፣ ከዚያ ሰም። ማዕዘኖቹ ላይ እጃችሁን አቅልሉ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ አይደለም፤ ከነጩ ስር ጠቆር ያለ ጥላ ብቅ ካለ ቆዳው አልቋል ማለት ነው።

"እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቃለች"

ስንጥቁ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ከተበተነ፣ ጀልባዋ የሆነ ነገር ገጭታለች ወይም የሆነ ነገር ወድቆባታል። ቡሎን ዙሪያ ከሆነ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይም ቡሎኑ ከአቅሙ በላይ እየተጎተተ ነው። ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች ከሆኑ ደግሞ ቦታው ይተጣጠፋል። ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የሚበላበት።

አንድ የጀልባ ልጅ "ጋሽዬ፣ ሦስት ጊዜ አስሞላኋት፤ ሦስቴም ተመለሰች" ብሎ መጣ። ስንጥቁ መቀመጫው ማዕዘን ላይ ነበር። "እስኪ ተቀመጥበት" አልኩት። ሲቀመጥ ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ሲነሳ ዘጋ። "በላ ድገመው።" ደገመው፤ እንደገና ከፈተ። ልጁ ራሱ ሳቀ። በዚያ ላይ ቀለም አይደለም ሲሚንቶ ቢሞላበት አይቆይም። መቀመጫውን ፈታን፣ ከስሩ በፋይበር የተጠቀለለ የእንጨት ድጋፍ ጨመርን፣ ስንጥቁን የነካነው ከዚያ በኋላ ነው።

መሙላቱ ራሱ ቀላል ነው። ጄልኮት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ውስጥ አይገባም። ስንጥቁን በሹል ነገር ወደ ላይ በሰፋ ቦይ መልክ ክፈቱት፤ እኔ ጫፉን የሞረድኩት አሮጌ ካቻቢቴ አለኝ። ቦዩ ውስጥ ስታዩ ከስሩ ያለው ፋይበር ነጣ ብሎ ከታያችሁ ገላውም ተጎድቷል፤ ወደ ስብራቱ ክፍል ዝለሉ። ደህና ከሆነ በአሴቶን (ቅባትና ሰም በሚያነሳው ፈሳሽ) ጠርጉ፣ ጄልኮቱን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ሲደርቅ ከ220 እስከ 1000 እየወጣችሁ ፈግፍጉ። ቡሎን ዙሪያ ከሆነ ከውስጥ ሰፊ የላሜራ ቁራጭ አስደግፉ።

የነጭ ነገር ደግሞ አለ። ነጭ አንድ አይደለም። አሥር ዓመት ፀሐይ ያየ ነጭ ወደ ክሬም ይሄዳል። ትንሽ ቢጫ ጠብታ እየጨመራችሁ ፕላስተር ላይ ቀብታችሁ አጠገቡ ለጥፉና ራቅ ብላችሁ እዩት።

"ከሆዷ ስር አበጥ አበጥ ብሏል"

ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ሆዷ ላይ ምስር ወይም ሳንቲም የሚያክሉ እብጠቶች ካያችሁ መነጽር አድርጉና አንዱን ውጉ። መነጽሩን የምለው ለወግ አይደለም፤ ውስጡ ግፊት አለው፣ ይረጫል። የሚወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተና ጣት መካከል ከተጣበቀ በሽታው ታወቀ። የማይሸት ንጹሕ ውሃ ሆኖ ከቀለሙ ስር ብቻ ከሆነ ግን ቀለሙ አልያዘም ማለት ነው፤ ቀለሙን ፍቃችሁ እንደገና መቀባት ነው።

ኮምጣጤው ከየት መጣ? ጄልኮት ውሃን ጨርሶ አያግድም። ጀልባዋ ዓመቱን ሙሉ ሐይቅ ላይ ታስራ ስትውል ስታድር ውሃው በእንፋሎት መልክ ቀስ እያለ ያልፋል። ውስጥ ከፋብሪካ የቀሩ በውሃ የሚሟሙ ነገሮች ያገኛል። እነሱን ያሟሟል፣ ሬዚኑንም ያፈርሳል፣ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ወፍራሙ ፈሳሽ ደግሞ ከውጪ ያለውን ቀጭን ውሃ ይስባል። የሳበው ውሃ መውጫ ስለሌለው ቆዳውን ይነፋዋል። እዚህ ላይ ሰው ይገረማል፤ ጨዋማ ውሃ ይብሳል ብሎ ያስባል። ግልባጩ ነው። በውስጥና በውጪ ያለው የቅጥነት ልዩነት ሲሰፋ ስበቱ ስለሚበረታ፣ እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ያለ ጨው አልባ ውሃ ጀልባ ላይ ከባሕር ይበልጥ እብጠት ያወጣል።

ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል። እብጠቶቹን በሙሉ እስከ ጤነኛው ፋይበር ክፈቱ። በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ኮምጣጤው ካልታጠበ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ትገናኛላችሁ። ከዚያ አድርቁ። በቀናት አይደለም፣ በሳምንታት። ለዚህ ነው ጀልባ የምትወጣው ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሆነው። መድረቋን ለማወቅ የፌስታል ቁራጭ፣ ሁለት መዳፍ የሚያክል፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉ። ፀሐይ መትቶት ከስሩ ጤዛ ከያዘ ገና ናት።

ስትደርቅ ጉድጓዶቹን ወፍራም ባደረጋችሁት ኢፖክሲ (ከፖሊስተር የተለየ፣ ይበልጥ የሚይዝ ሬዚን) ሙሉ፣ በላዩ ላይ ኢፖክሲ ደጋግማችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም። ስቱኮ እዚህ አይታሰብም። ስቱኮ ውስጥ ያለው ዱቄት ውሃ ይጠጣል። ለመኪና ፓራውልት ጥሩ ነው፤ ለጀልባ ሆድ ግን የኔን ሙሽራ አስታውሱ። ኢፖክሲ ላይ ተመልሳችሁ ፖሊስተር ጄልኮትም አትቀቡ፣ በደንብ አይዝም።

አምስት አሥር እብጠት ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። ጀልባ በእሱ አትሰምጥም። የሚቀጥለውን በጋ መጠበቅ ይቻላል።

"ተሰብራለች፣ ውሃ ታስገባለች"

እዚህ ፋይበር መጨመር ግድ ነው። አዲሱ ፋይበር ከአሮጌው ጋር አይዋሃድም፤ ይጣበቃል እንጂ። ስለዚህ ጥንካሬው በሙሉ ያለው በሚጣበቀው ስፋት ላይ ነው። የተሰባበረውን በሙሉ በግራይንደር አንሱ፣ ከዚያ ጠርዙን እንደ ሳሕን አፍ ተዳፋት አድርጉት። ልኩ 12 ለ1 ነው። የጀልባዋ ገላ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ ዙሪያውን 36 ሚሊ ሜትር ይሁን። ትንሽ ቀዳዳ ይዞ የመጣ ሰው ይሄን ሲያይ "ኧረ አሰፋኸው!" ብሎ ይጮኻል። ይጩህ።

ከመፈግፈጋችሁ በፊት በአሴቶን ጥረጉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት የብርጭቆ ወረቀቱ የድሮውን ሰም ጭረቶቹ ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ በ80 ቁጥር ፈግፍጉ። ማስክ፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ። የመስታወቱ ብናኝ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ያሳክካል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ እንጂ አትከኩ።

ቀዳዳው ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ከሆነ ከውስጥ በኩል ፕላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ደግፉበት። ማቱን (ያ ጥጥ የሚመስለውን የመስታወት ክር ንጣፍ) በመቀስ አትቁረጡ፤ በእጅ ቅደዱት። የተቀደደ ጠርዝ ሳስቶ ስለሚያልቅ ደረጃ አይሠራም። 450 ግራም (በካሬ ሜትር) የሚባለው ማት አንድ ንብርብሩ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ገላ ሦስት ንብርብር። እኔ ከትንሹ ጀምሬ ወደ ትልቁ እሄዳለሁ። ከትልቁ የሚጀምሩም አሉ፣ ክርክሩ አያልቅም። ሬዚኑ በሚዛን ከማቱ እጥፍ ትንሽ በለጥ ይበል። ፔኔሎውን እንደ ቀለም ቀቢ አትጎትቱት፤ ማቱ አብሮ ይነሳል። ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ነጩ ማት ሬዚን ሲጠጣ መስታወት ይሆንና ከስሩ ያለው ይታያል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አየር ነው፤ በፔኔሎው ጫፍ እየገፋችሁ አስወጡት።

ከሦስት አራት ንብርብር በላይ በአንዴ አትደርቡ። ሬዚን ሲደርቅ ይሞቃል፤ ሲወፍር ይጨሳል።

የመጨረሻው ንብርብር ከጎረቤቱ ወለል ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ጄልኮቱ የሚተኛው እዚያ ላይ ነው። ከውሃ በታች ላለ ስብራት እኔ ኢፖክሲን እመርጣለሁ፤ አያያዙ ይበልጣል። ግን ያኔ ማት ሳይሆን የተሸመነ የፋይበር ጨርቅ ያስፈልጋል። የማቱን ክሮች የያዘውን ማጣበቂያ የሚያሟሟው ፖሊስተር ሬዚን ነው፣ ኢፖክሲ አይፈታውም። መጨረሻውም ጄልኮት ሳይሆን ቀለም ይሆናል።

"ወለሏ ስረግጠው ይለሰልሳል፣ ሞተሩ ይወዛወዛል"

በፋይበሩ መካከል ያለው ኮምፔርሳቶ በስብሷል። አንድ ሰው ሞተሩን ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች ያወዛውዘው፣ እናንተ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ እዩ። ከተንቀሳቀሰ ከውስጥ በኩል በትራፓኖ ትንሽ ብሱ። ቡናማ እርጥብ ፍርፋሪ ከወጣ ነገሩ ተበላሽቷል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማሸጊያ የገባ አንድ ቪቴ ነው። መድኃኒቱ ከፍቶ የበሰበሰውን አውጥቶ አዲስ ማስገባት ነው፤ በቀዳዳ ሬዚን ማፍሰስ አይሠራም። ገና ካልገዛችኋት ግን ምክሬ አጭር ነው፦ ተዉአት።

"ቀባሁት፣ አልደርቅ አለ"

ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛው ማድረቂያው ነው፣ ሬዚኑና ጄልኮቱ እንዲጠነክር የሚጨመርበት ፈሳሽ። ለ100 ግራም ጄልኮት ከ1 እስከ 2 ግራም ነው የሚገባው። በዓይን ግምት ክዳን ሙሉ ማድረግ የመኪና ጋራዥ ልማድ ነው። መርፌ ግዙና ለኩ። ቢያንስ አይደርቅም፣ ቢበዛ ይሰባበራል። ይሄ ማድረቂያ ዓይን ያጠፋል፤ ዓይናችሁን ከነካ ለ15 ደቂቃ በውሃ ታጥባችሁ ወደ ሐኪም። ሬዚናችሁ ኮባልት የሚባለው ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነገር የሚጨመርበት ከሆነ ደግሞ ኮባልቱንና ማድረቂያውን በቀጥታ በፍጹም አታገናኙ፤ ይፈነዳል። መጀመሪያ አንዱ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይግባ፣ ከዚያ ሌላው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ፖሊስተር ይለግማል። በበጋ ጠዋት ሐይቁ ዳር ይበርዳል፣ ጀልባዋም ጤዛ ይዛ ታድራለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ ሥሩ።

ሦስተኛው አየር ነው። ጄልኮት አየር እየነካው ፊቱ አይደርቅም፣ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። ሰም ያለበት ዓይነት ካልሆነ ቀብታችሁ እንደጨረሳችሁ ፕላስቲክ አልብሱት፤ ከመካከል ወደ ዳር በእጅ እየገፋችሁ አረፋውን አስወጡ። በነጋታው ሲገለጥ ፊቱ እንደ መስታወት ነው።

አልብሱ ያልኩት ወዲያው ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ ቀብቼ ፕላስቲኩን ፍለጋ ቤት ደርሼ ስመለስ የሐይቁ ትንኝ ቀድሞኛል። በ400 ቁጥር ፈግፍጌ ብዙዎቹን አወጣኋቸው። ሦስቱ አሁንም ግራ ጎኗ ላይ አሉ፣ ክንፋቸው እንኳን ይታያል።