ሸክላን ቤት ውስጥ ወደ ዲጂታል መገልበጥ፦ ከመርፌው እስከ ፋይሉ

ሸክላ የሚገለበጠው እየተጫወተ ነው። 20 ደቂቃ የሚዘልቅ ገጽ ለመቅዳት 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማጠቡ፣ ማረሙ፣ ዘፈኖቹን መለየቱና ስም መስጠቱ ሲጨመርበት ለአንድ ሸክላ ሁለት ሰዓት ግድም መመደብ ይሻላል። መቶ ሸክላ ያለው ሰው ይህን ሳያሰላ ከጀመረ ሃያኛው ላይ ይሰለቻል። ስለዚህ በሲዲም ሆነ በኢንተርኔት በጥሩ ጥራት የሚገኘውን ለጊዜው ትተው ሌላ ቦታ ከማይገኘው ይጀምሩ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ፦ በቆሸሸ ሸክላና ባለቀ መርፌ የተቀዳን ድምፅ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም። ትልቁ ሥራ ያለው ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት ነው።

ዕቃዎቹና አገናኛቸው

የሚያስፈልገው ሸክላ ማጫወቻ፣ ፎኖ ፕሪአምፕ (የማጫወቻውን ደካማ ምልክት የሚያጎላ መሣሪያ)፣ የስቴሪዮ መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፁን ወደ ዲጂታል ለውጦ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብል መሣሪያ)፣ ኮምፒውተርና የሚያገናኟቸው ገመዶች ናቸው።

ፕሪአምፑን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በብዛት የሚሠራበት የሙቪንግ ማግኔት ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘውና እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል) የሚሰጠው ከ3 እስከ 6 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ኢንተርፌሱ የሚጠብቀው ግን ከዚህ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ምልክት ነው። ከዚያም በላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ይጨመራል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፍቶ በአንድ ገጽ የሚያዘው ሙዚቃ ያንስ ነበር። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አርአይኤኤ የሚባለው መለኪያ ወጥ አድርጎታል፤ ፕሪአምፑ ምልክቱን ከማጉላቱ ጋር ሚዛኑን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ሲቀር ድምፁ ደካማና ቀጭኑ የበዛበት ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሲገባ ደግሞ፣ ለምሳሌ ማጫወቻው በውስጡ ፕሪአምፕ እያለው ሌላ ሲጨመርበት፣ ቤዙ ያብጥና ድምፁ ይሰነጠቃል። ከማጫወቻው ጀርባ ፎኖና ላይን የሚል ማብሪያ ካለ ውጫዊ ፕሪአምፕ ሲጠቀሙ ፎኖ ላይ፣ ያለዚያ ላይን ላይ ያድርጉት።

የላፕቶፕን የማይክ ቀዳዳ አይጠቀሙ። አብዛኛው ሞኖ ነው፣ የራሱ ማጉያ አለው፣ ከውስጥም ጫጫታ ይለቅማል። የዩኤስቢ ማጫወቻ ነገሩን ያቀላል፤ ግን ሲገዙ የመርፌው ክብደት የሚስተካከል መሆኑን ይዩ። አንዳንዱ ርካሽ ማጫወቻ ሸክላውን ከ5 ግራም በላይ ይጫነዋል፣ የሚያስተካክሉበትም መንገድ የለውም።

ማጫወቻውን ማስተካከል

ማጫወቻውን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በውሃ ልክ ያስተካክሉት። ከዚያ የመርፌው ክብደት ይመጣል። አንቲ ስኬቲንጉን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚያመጣጥነውን ማስተካከያ) ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ ክንዱ ሳይወድቅም ሳይነሳም አየር ላይ አግድም እስኪቆም ድረስ የኋላውን ክብደት ያዙሩ። ክብደቱን ሳይነኩ የቁጥር ቀለበቱን ብቻ ወደ ዜሮ ያምጡ፤ ከዚያ ሁለቱንም አብረው አዙረው የካርትሪጁ አምራች ወደሚያዘው ያድርሱት፤ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። በመጨረሻ አንቲ ስኬቲንጉን በዚያው ቁጥር ያስተካክሉ። ክብደቱን መቀነስ ሸክላውን የሚያተርፍ የሚመስላቸው አሉ፤ እውነቱ ግን የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይፍቃል፣ ድምፁንም ያሻክራል።

ለፍጥነቱ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠርዙ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈው ሸክላው እየተጫወተ ዙሩን ይቁጠሩ። በ33⅓ ላይ በሦስት ደቂቃ ልክ 100 ዙር፣ በ45 ላይ 135 ዙር መምጣት አለበት። ካነሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላላ ቺንጋ ነው፤ ብዙ ማጫወቻም የፍጥነት ማስተካከያ ቡሎን አለው።

ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ፕሪአምፑ ላይ ካለው ቡሎን ጋር ያያይዙት። ሽቦው ታስሮም «እምም» የሚል ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ። ጸጥ ካለ በባትሪ ይቅዱ፣ ወይም ሁሉንም ዕቃ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ።

ማጽዳት

አቧራ ብቻ ላለው ሸክላ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ይበቃል፤ እየዞረ እያለ ለሁለት ሦስት ዙር አሳርፈው አቧራውን ወደ ጠርዝ ያውጡ። የጣት አሻራና ቅባት ያለበት ግን መታጠብ አለበት። አራት እጅ የተጣራ ውሃ ከአንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል ጋር ይቀላቅሉ፤ ለግማሽ ሊትር አንድ ጠብታ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ አርጥበው የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው በክብ ይጥረጉ፤ መሃል ያለውን ወረቀት ውሃ አያስነኩት። ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ አለቅልቀው በቁሙ ያድርቁት። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ማዕድን ራሱ ድምፅ ይሆናል።

በ78 ዙር የሚጫወቱት ከባድና ተሰባሪ አሮጌ ሸክላዎች ጉዳይ የተለየ ነው። አብዛኞቹ ከሼላክ የተሠሩ ናቸው፤ ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። እነሱን በተጣራ ውሃና በጥቂት ሳሙና ብቻ አጥበው ወዲያው ያድርቁ። መርፌውንም አይርሱ፦ በለስላሳ ብሩሽ ሁልጊዜ ከኋላ ወደ ፊት፤ ወደ ጎን መጥረግ መርፌው ያለበትን ዘንግ ያጣምመዋል።

መቅዳት

ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ለዚህም ሥራ ይበቃል። መቅጃውን ስቴሪዮ፣ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ላይ ያድርጉት። 96 ኪሎኸርዝ የሚመርጡ አሉ፤ ጥቅሙ በዋናነት የቀጭታ (ከጭረትና ከአቧራ የሚመጣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ) ማጽጃው በጥራት እንዲሠራ ማገዙ ነው፣ ዋጋው ግን ሁለት እጥፍ ቦታ ነው። በ48 የ40 ደቂቃ ሸክላ 690 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል።

የድምፁን መጠን ለማስተካከል ከሸክላው ውስጥ ጮክ የሚለውን ቦታ ፈልገው ያጫውቱ፤ መለኪያው ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ባለው መሃል እንዲቆም ያድርጉ። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ከፍ ይላል፤ ዜሮን ነክቶ የተቆረጠ ግን አይመለስም። የኮምፒውተሩን የድምፅ ማሻሻያዎች፣ የመልእክት ድምፆችና እንቅልፍ ያጥፉ። ማዳመጥ ካለብዎ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ ስፒከር ክፍሉን ሲያንቀጠቅጥ መርፌው ያንን መልሶ ይቀዳዋል።

መቅጃውን መርፌው ከማረፉ በፊት ያስጀምሩ፤ ገጹ እስኪያልቅም አያቋርጡ። መግቢያው ላይ ያለው ባዶ ቦይ በኋላ ለጫጫታ ናሙና ያገለግላል። ሲጨርሱ በ24 ቢት ዋቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል) ያስቀምጡና እርማቱን በሌላ ቅጂ ላይ ብቻ ይሥሩ። ማጽጃ ሶፍትዌር ከዓመት ዓመት ይሻሻላል፤ ጥሬው ካለ ሸክላውን ዳግም ማጫወት አያስፈልግም።

ማረም

እዚህ ላይ እጅ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በቅድሚያ ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን በሃይ ፓስ ፊልተር ይቁረጡ፤ የተጣመመ ሸክላና የሞተር ንዝረት የሚያመጡት ያንን ነው። ጎልተው የሚሰሙትን ቀጭታዎች አንድ በአንድ አጉልተው በኦዳሲቲ ሪፔር ያርሙ፤ ይህ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው እስከ 128 ናሙና (ዲጂታሉ ድምፅ የተመዘገበባቸው ነጥቦች) ብቻ ስለሆነ ጠባብ አድርገው ይምረጡ። ለጥቃቅኑ ክሊክ ሪሙቫልን በለዘብታ ይጠቀሙ። ጭብጨባ፣ ትራምፔትና የከበሮ ምት በማጽጃው ዓይን ቀጭታ ይመስላሉ።

ማጽጃው ሙዚቃ መብላት አለመብላቱን የሚያሳውቅ ፍተሻ አለ። የጸዳውን ቅጂ ኢንቨርት አድርገው (ሞገዱን ገልብጠው) ከጽዳቱ በፊት ከነበረው ጋር፣ አንዱንም ሳያንሸራትቱና መጠኑን ሳይለውጡ፣ አብረው ያጫውቱ። የሚሰማው የተወገደው ብቻ ይሆናል። ቀጭታ ብቻ ከሆነ ደህና ነው፤ ዜማ ከተሰማ በዝቷል።

ከመግቢያው ባዶ ቦይ ናሙና ወስዶ ጫጫታን የሚቀንሰው ኖይዝ ሪዳክሽን ከ6 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ ሲያልፍ ድምፃዊው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፤ ትንሽ ሹሹታ ከዚያ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ጠቅላላ ሸክላውን በአንድነት ወደ −1 ዴሲቤል ኖርማላይዝ ያድርጉ፤ ማለትም ከሁሉ ጮክ የሚለው ነጥብ እዚያ እንዲደርስ መጠኑን ያስተካክሉ። ዘፈን በዘፈን ካደረጉት ለስላሳው ዘፈን ከጮክታው እኩል ይሆናል።

ሞኖ ሸክላ በስቴሪዮ ካርትሪጅ ከተቀዳ ሁለቱን ጎኖች (ግራና ቀኙን) ወደ ሞኖ ያዋህዱ። በሞኖ ቦይ ውስጥ ሙዚቃው ያለው በጎን እንቅስቃሴው ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው አቧራና ጉዳት ሲዋሃድ ይጠፋፋል። አንዱ ግድግዳ ክፉኛ ከተጎዳ ግን ደህነኛውን ጎን ብቻ ይውሰዱ።

ማጫወቻው 78 ከሌለው በ45 ቀድቶ ፍጥነቱን በ73.3 በመቶ መጨመር ይቻላል። የድምፁ ሚዛን ግን ትንሽ ይዛባል፣ በጆሮ መስተካከል አለበት። መርፌውም መለወጥ አለበት፤ የኤልፒ (የ33⅓ ሸክላ) መርፌ ለ78 ቦይ ቀጭን ስለሆነ ወለሉን ይጎትትና ጫጫታ ብቻ ያመጣል።

መለየትና ማስቀመጥ

በዘፈኖቹ መሃል ምልክት እያደረጉ (ኮንትሮልና ቢ) ስም ይስጡ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ለያይተው ኤክስፖርት ያድርጉ። ለማኅደር ፍላክ፣ ለስልክ 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ። ፍላክ ምንም ሳይቀንስ ቦታ ይቆጥባል፤ መረጃውንም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ የቆየ የመኪና ማጫወቻ ግን በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ሊያሳይ ይችላል። ከአርቲስትና ከርዕስ ሌላ ወረቀቱ ላይ ያለውን የካታሎግ ቁጥርና በውስጠኛው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ የትኛው ኅትመት እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ሁሉም በሁለት ዲስክ ይቀመጥ፣ አንደኛው ከቤት ውጭ።

ችግር ሲገጥም

አንድ ጎን ብቻ ከተሰማ ከማጫወቻው መጥተው ፕሪአምፑ ውስጥ የሚገቡትን ቀዩንና ነጩን ገመድ ያቀያይሩ። ጸጥታው ጎን ከቀየረ ችግሩ ከማጫወቻው በኩል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የካርትሪጁ ጥቃቅን ፒኖች ዝገው ወይም ላልተው ነው። ካልቀየረ ከፕሪአምፑ ወዲህ ይፈልጉ። ድምፁ ወደ መሃል የሚገኙት ዘፈኖች ላይ ብቻ የሚሻክር ከሆነ የካርትሪጁ አቀማመጥ ተዛብቷል፣ ወይም መርፌው አልቋል። በእያንዳንዱ ዙር ዜማው ከፍ ዝቅ ሲል የሸክላው ቀዳዳ ከመሃል ወጥቶ ነው። ቅጂው ውስጥ ዝላይ ከተሰማ ያንኑ ቦታ ደግመው ይቅዱ፤ እዚያው ከዘለለ ጭረት ነው፣ ሌላ ቦታ ከዘለለ የኮምፒውተሩን ሌሎች ፕሮግራሞች ዘግተው ዩኤስቢውን ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ ይሰኩት።