የዋሻ ሚካኤልን ፍርስራሽ በኤችዲአር እንዴት ፎቶ እናነሳለን?

የካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተክርስቲያን ነው። ላሊበላ ድረስ መሄድ ላልቻለ የአዲስ አበባ ሰው ትልቅ ጸጋ ነው። ጣሪያው በብዛት ወድቋል፣ ግድግዳዎቹ ግን ቆመዋል። ለፎቶ አንሺ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በተከፈተው ጣሪያ ኃይለኛ ብርሃን ይገባል፣ የግድግዳው ስር ደግሞ ጨለማ ነው። ካሜራውን ለሰማዩ ስታስተካክሉ ድንጋዩ ይጠቁራል። ለድንጋዩ ስታስተካክሉ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል።

መፍትሔው አንዱን እይታ በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ ማንሳትና ፎቶዎቹን ማዋሃድ ነው። ኤችዲአር የምንለው ይህንን ነው። ሐሳቡ ከኮምፒውተር በፊት ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ባሕሩን በአንድ ኔጋቲቭ፣ ሰማዩን በሌላ አንስቶ አንድ ላይ ያትም ነበር።

ኤችዲአር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀለሙ የሚጮህ ፎቶ ነው። እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ነው። ጥላው ውስጥ ያለው ግድግዳ ላይ የመሮው ምልክት አለ። የጠራቢው እጅ የት ጋ እንደጀመረ፣ የት ጋ እንደዞረ ይታያል። በዓይናችሁ ቆማችሁ የምታዩትን ያንን ምልክት ፎቶው ላይ ካላገኛችሁት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

መቼ ትሂዱ? በክረምት አትሂዱ፣ ወለሉ ውሃ ይይዛል። ዝናቡ ካቆመም በኋላ ቶሎ አይደርቅም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ከፍ ስለሚል ብርሃኑና ጥላው በጣም ይራራቃሉ። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሞክሩ። ስስ ደመና ያለበት ቀን ከገጠማችሁ ተመስገን በሉ። ወር በገባ በ12 የሚካኤል ቀን ስለሆነ ለጸሎት ሂዱ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፎቶዎቹ አይገጥሙም።

ስትደርሱ አባቶችን ፈቃድ ጠይቁ። ቢፈርስም ለምእመኑ ቤተክርስቲያን ነው። ለተሻለ አንግል ብላችሁ ግድግዳው ላይ አትውጡ፣ ድንጋዩ ይፈረፈራል። ካሜራ ይዛችሁ ብቻችሁን ባትሄዱም ይሻላል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የግድ ነው። ያ በርካሽ የሚሸጠው ቀላሉ ትራይፖድ ትንሽ ንፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። እሱ ብቻ ካላችሁ የመጨረሻውን ቀጭን እግር አታውጡ፣ ከመሃሉ ላይ ቦርሳችሁን አንጠልጥሉበት። አዲስ ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ ከሆነ መጀመሪያ ጠንካራ ትራይፖድ ግዙ እላለሁ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ፣ ባለ 2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። በራው (ካሜራው የያዘውን ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ይሁን። ፎከሱን አንዴ ያዙና ወደ ማንዋል ቀይሩት። ዋይት ባላንሱንም (የቀለም ሚዛኑን) ከአውቶ አውጡት፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ ፎቶ የየራሱ ቀለም ይዞ ይመጣል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። አብዛኛው ካሜራ ብራኬቲንግ የሚባል ነገር አለው። ሦስት ፎቶ ያነሳል፤ አንዱን በልኩ፣ አንዱን በ2 ስቶፕ ጨለም አድርጎ፣ አንዱን በ2 ስቶፕ ፈካ አድርጎ። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ብዙ መመሪያ እዚህ ላይ ያቆማል። ለሜዳ ይበቃል፣ ለዋሻ ሚካኤል ግን አይበቃም። ሦስቱን አዋህዳችሁ ጥላውን ከፍ ስታደርጉት የመሮው ምልክት በነበረበት ቦታ ቅንጣት ቅንጣት ያለ ብጥስጥስ ብቻ ይወጣል። ካሜራው እዚያ ጥግ ያለውን ብርሃን መጀመሪያውኑ አልያዘውማ።

ስለዚህ ካሜራውን አትመኑት፣ ሁለቱን ጫፎች ራሳችሁ ፈልጉ። ካሜራውን ማንዋል ላይ አድርጉና ሂስቶግራሙን ክፈቱ፤ የፎቶውን ጨለማ በግራ፣ ብርሃኑን በቀኝ የሚያሳይ ግራፍ ነው። መጀመሪያ የሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት እየጨመራችሁ አንሱ። ግራፉ ከቀኙ ጠርዝ ሲላቀቅ ሰማዩ ተይዟል ማለት ነው። ቁጥሩን ጻፉት። (ፀሐይዋ ራሷ ፍሬም ውስጥ ካለች እሷን ለመያዝ አትድከሙ።) ቀጥሎ ፍጥነቱን እየቀነሳችሁ ሂዱ። ግራፉ ከግራው ጠርዝ ሲላቀቅ የጨለመው ጥግ ተይዟል። እሱንም ጻፉ።

ለምሳሌ ሰማዩ በ1/1000 ሰከንድ፣ ጥጉ በ1/4 ሰከንድ ተያዘ እንበል። በሁለቱ መካከል 8 ስቶፕ አለ። በ2 ስቶፕ ልዩነት ከሄዳችሁ 5 ፎቶ ያስፈልጋችኋል፤ 1/1000፣ 1/250፣ 1/60፣ 1/15፣ 1/4። የምትቀይሩት ሻተሩን ብቻ ነው። አፐርቸሩን ከነካችሁ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። አይኤስኦውን ከፍ ካደረጋችሁ ደግሞ ጨለማው ውስጥ ቅንጣት ቅንጣት ይወጣል። ቀለበቱን ስታዞሩ ካሜራው እንዳይነቃነቅ ቀስ በሉ። ዙሪያው ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዝም እስኪል ጠብቁና አምስቱን በፍጥነት ተከታትላችሁ ጨርሱ።

ቤት ስትገቡ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ካላችሁ ፎቶዎቹን መርጣችሁ ማዋሃጃውን መጫን ብቻ ነው። ለሌለው ሉሚናንስ ኤችዲአር የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ ሥራውን በደንብ ይሠራል። በንፋስ የተንቀሳቀሰውን ቅጠል የሚያስተካክለውን አማራጭ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። ከፍ ካደረጋችሁት ሰፊ ቦታ ከአንድ ፎቶ ብቻ ይወስድና ጥላው ተመልሶ ይበላሻል።

የመጨረሻው ሥራ ቶን ማፒንግ ነው፤ የተዋሃደውን ሰፊ የብርሃን ልዩነት ስክሪን ላይ በሚታይ ልክ ማጣጣም ማለት ነው። ፈተናውም እዚህ ነው። ጥላውን ከፍ አድርጉ፣ ግን ጥላ መሆኑ እንዳይጠፋ። ግድግዳው ከሰማዩ እኩል ከበራ አልፋችኋል ማለት ነው፣ መልሱት። ከዚያ ፎቶውን መቶ በመቶ አጉልታችሁ ግድግዳው ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ተመልከቱ። ዳሩን ተከትሎ ነጭ ጭላንጭል ካለ የክላሪቲውን (ጠርዞችን የሚያጎላውን) መጠን ቀንሱ። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) አትንኩ። የዚያ ድንጋይ ቀለም ደብዛዛ ነው፣ ደብዛዛነቱን ተዉለት።

ስልክ ብቻ ያላችሁም ትችላላችሁ። ኦፕን ካሜራ የሚባለው ነጻ አፕ በብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ የብርሃን መጠኑን እየቀየረ ያነሳል። ስልኩን የሚይዝ ትንሽ ትራይፖድ ይዛችሁ ሂዱ፣ በእጅ አይሆንም።

አምስቱን ኦሪጅናል ፋይሎች አትሰርዙ። ከቀኑ ጋር አስቀምጧቸው፣ የቆማችሁበትንም ቦታ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቆማችሁ ብታነሱ ግድግዳው ምን ያህል እንደተጎዳ ጎን ለጎን ይታያል። አንዷን ፎቶ ደግሞ በትልቁ አሳጥባችሁ ፈቃድ ለሰጧችሁ አባቶች አድርሱላቸው።