ልጁ ጠባዩ ሲለወጥባችሁ ሐኪም ጋ እንዴት ታደርሱታላችሁ?

የእህቴ ልጅ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምንኖረው። መጀመሪያ የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነ። ሳቅንበት። ቀጥሎ የመኝታ ቤቱን መስኮት በካርቶን ደፈነው፤ በድሬ ሙቀት፣ ያውም በሰኔ! ያኔ ሳቁ ቀረ። የአእምሮ ሐኪም ጋ እስክንደርስ ግን ሌላ 5 ወር አለፈ። እኔ አጎት እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የምጽፈው ከቤት እስከ ሐኪሙ በር ያለውን መንገድ ነው። እኛ የጠፋነውም እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ ያያችሁትን ጻፉ

በሩን ዘግቶ የሚውል ጎረምሳ ሁሉ ታማሚ አይደለም። የሚያሳስበው ብዙ ነገር አንድ ላይ ሲለወጥ ነው። እንቅልፍ ያጣል፣ መታጠብ ይተዋል፣ ከጓደኛ ይሸሻል፣ ትምህርቱ ይወድቃል፣ ብቻውን ያወራል፣ ሰው ሁሉ የሚከታተለው ይመስለዋል። ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ያለው ዕድሜ ደግሞ እንዲህ ያለው የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምርበት ነው።

«ጠባዩ ተበላሸ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። «ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር፤ ስሜን እየጠሩኝ ነው አለ» በሉ። የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይበቃል። እኔ በደብተር ጽፌ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት፤ አገኘው። እየተከታተሉኝ ነው የሚል ልጅ ስለ ራሱ የተጻፈ ደብተር ሲያገኝ ምን እንደሚል አስቡት። ስልካችሁ ላይ ጻፉና ቆልፉት። እሱ ከጠየቃችሁ ግን አትካዱ፤ «እንቅልፍህ አሳስቦኝ ነው» በሉት።

«ጫት ነው» የሚለው ነገር

በእኛ ሰፈር ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጥርጣሬ ያባብሳል፣ አንዳንዱን ሰው በራሱ ያሳምማል። እኛ ግን «ጫቱን ይተው እንጂ ይድናል» ብለን ቁጭ አልን። ልጁ ተወ። ከአወዳይ ጫት የሚያመጣው መኪና መጥቶ ከተማው ሁሉ ሲነቃቃ እሱ ቤት ተኝቶ ይውል ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላም ስሙን የሚጠራው ድምፅ ይሰማዋል። ከጫት ይሁን ከሌላ የሚለየው ሐኪሙ ነው። የእናንተ ሥራ ስንት እንደሚቅም ሳትደብቁ መናገር ነው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ድሬ የወባ አገር ናት። ትኩሳት ያለው ሰው በድንገት መቀባጠር ከጀመረ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ከባዱ፦ እሺ ማሰኘት

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። «ሐረር ዘመድ ጥየቃ እንሂድ» አልኩት። ደስ አለው። ደንገጎን ወጣን፣ ሐረር ገባን፣ ፈጢራ በላን። ከዚያ አንድ ሐኪም ቤት በር ላይ ባጃጁን አስቆምኩ። ታፔላውን አነበበ። አልጮኸም። «ጋሼ፣ አንተም?» ብቻ ብሎኝ ሄደ። አመሻሽ ላይ ፈረስ መጋላ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ ከእጄ ምግብ አልበላም። አታታሉት። ብልጠት ይመስላል፤ ግን ያለችውን አንድ የሚያምነውን ሰው ታሳጡታላችሁ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይኸው ነው። አትከራከሩት። «የለም፣ ቅዠት ነው» ስትሉት እናንተም ከጠላቶቹ ትቆጠራላችሁ። «አዎ፣ ልክ ነህ» ማለትም አያዋጣም። እህቴ እሱን ላረጋጋ ብላ የሚጠረጥራትን ጎረቤቷን ሄዳ ተጣላች፤ ልጁ «አየሽ፣ እውነት ነው» አለ፣ ጎረቤቷም እስከ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ናት። መካከለኛዋ መንገድ ይህች ናት፦ «እኔ አይሰማኝም። አንተን ግን እንቅልፍ እንደነሳህ አያለሁ። ይከብዳል።»

ቀጥሎ እሱ ራሱ የሚያማርርበትን ነገር ፈልጉ። ታመሃል ብትሉት አይሄድም። የእኛ ልጅ ያማረረው እንቅልፉን ነበር፤ እኛም በዚያው ገባን። ይህ ማታለል አይደለም፤ እንቅልፉ እውነትም ጠፍቷል፣ የሚያክመውም ያው ሐኪም ነው። የሐኪሙ ሥራ ምን እንደሆነም ሳልደብቅ ነገርኩት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ አይሆንም፤ ፍርድ ቤት የቆመ ነው የሚመስለው። አንድ ሰው ይበቃል። እኔ አመሻሽ ላይ ሲቀዘቅዝ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ጎን ለጎን እየሄድን ነበር የማወራው። ፊት ለፊት መፋጠጥ ያስፈራዋል። አራት ጊዜ «አቦ ተወኝ!» አለኝ። ተውኩት። በአምስተኛው «ሰኞ ይሻልሃል ወይስ ረቡዕ? ከማን ጋር ትሄዳለህ?» አልኩት። ረቡዕ፣ ከአክስቱ ልጅ ጋር አለ። እኔን አለመምረጡ ከፋኝ። ግን ሄደ።

ሐኪሙ ጋ

በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጀምሩ። ድሬ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና አለ። በቀጥታ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሮጥ ግድ አይደለም፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፋል። ማስታወሻችሁን ያዙ። የመድኃኒቱን ስምና ምን እንደሚያስከትል ጠይቁ።

መድኃኒቱ በማግስቱ ተአምር አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ከተጣመመ፣ ምላሱ ወይም መንጋጋው ከተገተረ ዛሬውኑ መልሳችሁ ውሰዱት፤ ማርከሻ አለው። «ተሽሎታል» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ከተሻለው በኋላም ብዙ ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል።

ጸበልና ዱዓን በተመለከተ ከማንም ጋር አትጣሉ። እናቱ ቁልቢ ገብርኤል ወሰደችው፣ ጎረቤታችን ሼኹ ዱዓ አደረጉለት፤ ኪኒኑ ግን በኪሱ ነበር። የምታስገቡት ቅድመ ሁኔታ ሁለት ነው፦ መድኃኒት አይቋረጥም፣ ማንም አያስረውም፣ አይመታውም።

ስለ ሞት ካወራ ደግሞ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ የተባይ መርዝና የተከማቸ ኪኒን ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ድረሱ።

ቡና ላይ ምን ይባላል?

ጎረቤት መጠየቁ አይቀርም። ቤተሰቡ አንድ መልስ ይዞ ይቅረብ። የእኛ «አሞታል፣ እየታከመ ነው» ነበር። «እብድ» የምትለዋን ቃል ከቤት አስወጣናት፤ በቀልድም ቢሆን።

ሕክምና በጀመረ በሦስተኛው ወር ካርቶኑን ራሱ ከመስኮቱ ገነጠለው። ከታች በስተግራ ያለችውን ጥግ ብቻ ትቷታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።