የስንዴ ቢራ በብርቱካንና በሎሚ፦ የጎንደር ቤት ጠማቂ የሚገጥመው ችግርና መፍትሄው

የስንዴ ቢራ ቤቱ ጠምቆ ትኩስ ብርቱካን ወይም ሎሚ የሚጨምር ሰው የሚገጥመው ብልሽት አብዛኛው ከሁለት ጥያቄ አያልፍም፦ ከፍሬው የትኛው ክፍል ገባ? መቼስ ገባ? እርሾውን ወይም ብቅሉን ከመውቀስ በፊት እነዚህን ሁለቱን መመለስ ብዙ ድካም ያድናል። ከታች የምጠቅሳቸው መጠኖች ለ20 ሊትር ናቸው፤ ብቅሉም ግማሹ ስንዴ፣ ግማሹ ገብስ ነው።

ከዋጡት በኋላ የሚመጣ ምሬት

ሲቀመስ ደህና ነው፤ ወረድ ካለ በኋላ ግን ጉሮሮ ላይ የሚቀር የኪኒን ዓይነት ምሬት አለው። ጥፋተኛው በልጣጩና በሥጋው መካከል ያለው ነጩ ክፍል ነው። እሱና የፍሬው ዘር ሊሞኒን የሚባል መራራ ነገር ያወጣሉ። ሊሞኒን ደግሞ ወዲያው አይታወቅም። ፍሬው ሳይነካ ምሬቱ የለም ማለት ይቻላል፤ ከተጨመቀ ወይም ከተከተፈ በኋላ ነው በጭማቂው አሲድ ምክንያት ቀስ በቀስ የሚፈጠረው። በጠመቃው ዕለት የጣፈጠ ሁሉ በመጠጫው ቀን ሊመር የሚችለው ለዚህ ነው። ብርቱካኑን አራት ቦታ ቆርጦ ከነልጣጩ መጣል ይህን ምሬት መጥራት ነው።

የምትፈልጉት መዓዛ ያለው በላይኛው፣ ቀለም ባለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ቁራጭ ልጣጭ ይዛችሁ ብርሃን ላይ አጠፍ ብታደርጉት ደቃቅ ዘይት ሲረጭ ታያላችሁ፤ እሱ ነው መዓዛው። ከቅዳሜ ገበያ የገዛችሁትን ፍሬ በሙቅ ውሃ እሹት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በደቃቁ መፋቂያ ፋቁት፤ ነጭ ብቅ እንዳለ ቦታ ቀይሩ። ለብርቱካን ከ20 እስከ 30 ግራም፣ ለሎሚ የዚያ ግማሽ ይበቃል። ትርንጎ መዓዛው ድንቅ ነው፤ ነጩ ክፍሉ ግን በጣም ወፍራም ስለሆነ በእሱ ላይ እጃችሁ ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ለቢራ ምሬት በሚጨመረው ተክል፣ በሆፕ ፋንታ ጌሾ የምትጠቀሙ ከሆነ ምሬቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ፍሬው ከመግባቱ በፊት አንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። እሱም ከመረረ ጌሾውን ቀንሱ፤ እሱ ደህና ሆኖ ሌላው ከመረረ ልጣጩ ነው። አንዴ የገባ ምሬት አይወጣም። ፍሬ ከሌለበት ሌላ ጥምቅ ጋር መቀላቀል ግን ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

ብርቱካን ገብቶበት ብርቱካን የማይሸት

ልጣጩ ከድስቱ ጋር አብሮ ለረጅም ጊዜ ፈልቷል ማለት ነው። ዘይቱ ተናኝ ነው፤ ቤቱን ያወደው ሽታ ከቢራው የወጣ ሽታ ነው። ከፍላቱ የተረፈውንም እርሾው ሥራ ሲጀምር የሚያወጣው ጋዝ ይዞት ይሄዳል። ጠማቂው ፒየር ሴሊስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በቤልጂየሟ ሆጋርደን ከተማ መልሶ ያስነሳው የቤልጂጎች ነጭ ቢራ በድንብላልና በደረቅ መራራ ብርቱካን ልጣጭ የሚታወቅ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደረቅ ልጣጭ የተጻፈ መጠንና ሰዓት ለትኩሱ አይሠራም።

እኔ የምመርጠው መንገድ አረቄ ነው። የእርሾው ሥራ ካለቀ በኋላ የተፋቀውን ልጣጭ በንጹህ ጠርሙስ አድርጋችሁ ምንጩን የምታውቁት አረቄ ወይም ቮድካ 150 ሚሊ ሊትር ያህል አፍስሱበት፤ በማግስቱ በጨርቅ አጥልሉት። ሁሉንም በአንዴ አትገልብጡት። 200 ሚሊ ሊትር ቢራ በብርጭቆ ቀድታችሁ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ግማሽ ሚሊ፣ ከዚያ አንድ ሚሊ እየጨመራችሁ ቅመሱ። በአንድ ሚሊ ልክ ከሆነ ለ20 ሊትር የሚያስፈልገው 100 ሚሊ ነው። ድንብላሉን ወቀጥ አድርጎ በፍላቱ የመጨረሻ አምስት ደቂቃ መጨመር ይበቃል።

አረፋው ቶሎ የሚሞት ከሆነም ምክንያቱ ይኸው ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ሲበዛ አረፋ ያጠፋል። መጀመሪያ ግን ብርጭቆው ላይ ቅባት እንደሌለ አረጋግጡ።

ውሃ ውሃ የሚል፣ አካል የሌለው ቢራ

ይህን የምጽፈው በተለይ ለጎንደር ነው። ብዙ ሰው ቴርሞሜትሩን የሚፈትነው በሚፈላ ውሃ ነው፤ 93 ሲያሳየው “ተበላሽቷል” ብሎ ሰባት ዲግሪ ይደምርበታል። ቴርሞሜትሩ ትክክል ነው። ከተማው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ገደማ ነው። በዚያ “እርማት” ድፍድፉን በ66 ይዣለሁ ያለ ሰው በ59 ነው የያዘው፤ ስታርቹም በወጉ ሳይለወጥ ይቀራል። ከ65 እስከ 67 ድረስ ለአንድ ሰዓት ያዙት። ጥርጣሬ ካለ ከፋርማሲ አዮዲን ገዝታችሁ በነጭ ሳህን ላይ ካለ የድፍድፍ ውሃ ጠብታ ጋር አገናኙት፤ ከጠቆረ ስታርች አለ፣ ቆይታውን አራዝሙ።

ማጥለያው ከተዘጋ ስንዴው ነው። ስንዴ ገለባ የለውም፤ ሲላቁጥ ይዘጋል። የገብሱን ብቅል ድርሻ ከፍ አድርጉ፣ ሸካራ አስፈጩት።

መኮምጠጥ

ኮምጣጣ ሁሉ አንድ አይደለም። ጭማቂ ጨምራችሁ ከሆነና ቢራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያው ልክ ከኮመጠጠ የሎሚው አሲድ ነው፤ በሚቀጥለው ጭማቂውን ትታችሁ በልጣጩ ብቻ ሥሩ። በየሳምንቱ እየባሰ የሚሄድ፣ ላዩ ላይ ነጭ ስስ ሽፋን የያዘ፣ ወይም አፍንጫን የሚቆነጥጥ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ግን ባክቴሪያ ወይም ያልተፈለገ እርሾ ገብቶበታል።

እዚህ ላይ ጋኑን ማንሳት ግድ ነው። በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ጋን ለጠላ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ለዚህ ቢራ ግን አይሆንም። ሸክላው የቀደመውን ጠላ እርሾና ባክቴሪያ በውስጡ ይይዛል፣ የወይራው ጢስም የብርቱካኑን መዓዛ ይሸፍነዋል። ለምግብ የሚሆን፣ ያልተጫጫረ ፕላስቲክ ባልዲ ወይም የማይዝግ ብረት ተጠቀሙ። የተቆረጠ ፍሬ ክፍት አትተዉ፤ ትናንሾቹ የፍሬ ዝንቦች የኮምጣጤ ባክቴሪያ ተሸካሚ ናቸው። ለስላሳ ኩምጠጣ ብቻ ከሆነ ይጠጣል፤ ጀርመኖች በርሊነር ቫይሰ የሚሉትን የስንዴ ቢራ ሆን ብለው ያኮመጥጡታል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካያችሁ ግን ድፉት።

የሙዝ ወይም የቅርንፉድ ሽታ የስንዴ ቢራ እርሾ ጠባይ ነው። ሙዙ ብርቱካኑን ከዋጠው ክፍሉ ሞቋል፤ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ባልዲውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አቆዩት።

ቆርኪው ሲነሳ የሚገነፍል፣ ወይም የሚፈነዳ ጠርሙስ

በዚህ ላይ ቸል ማለት ዓይን ያስከፍላል። አንድ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ከ80 እስከ 100 ግራም ስኳር አለው። ስታሽጉ ለጋዙ ብላችሁ 130 ግራም ስኳር ጨምራችሁ በዚያው ቀን አንድ ሊትር ጭማቂም ካፈሰሳችሁ ስኳሩ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ነው፤ ለመደበኛ የቢራ ጠርሙስ ይህ በጣም አደገኛ ነው። ጭማቂ የግድ ከተፈለገ እርሾው ገና እየሠራ ሳለ ይግባ። በቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር በሚያሳየው መለኪያ፣ በሃይድሮሜትር ሦስት ቀን ተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ካላነበባችሁ አታሽጉ። ካሸጋችሁት መካከል አንዱን በፕላስቲክ የለስላሳ ጠርሙስ አድርጉት፤ በእጅ ሲጫን እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ሌሎቹም በጋዝ ሞልተዋል።

ያኔ ሁሉንም ወደ ፍሪጅ አስገቡ። በማግስቱ ወፍራም ጓንት አጥልቁ፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ ቆርኪውን በጥቂቱ ከፍ አድርጉ፤ ጋዙ እስኪተነፍስ ጠብቁና በአዲስ ቆርኪ መልሳችሁ ዝጉት። ልጆች በዚያ ክፍል አይኑሩ።